ብቸኛ የመሰለው ቁጥር

ጅማ በሐምሌ እንደምታውቋት ናት፤ ዛሬም ከቀትር በኋላ የጀመረው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አመሸ። ልጁ ወደ አዲስ አበባ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። መብራት ስለጠፋ ሻማ ለኩሼ፣ ቡናዬን ብቻዬን አፍልቼ፣ በርጩማው ላይ ትቶት የሄደውን ባለ ካሬ ደብተር ማገላበጥ ጀመርኩ። አንዱ ገጽ ላይ ከ2 ተነሥቶ እያንዳንዱን ቁጥር እጥፍ እያደረገ ሲወርድ፣ በ32ኛው መስመር 4,294,967,296 ላይ ደርሷል። ከዚያም 1 ደምሮበት ከጎኑ «ብቸኛ ነው?» ብሎ ጽፏል።

ቃሉን ሳነበው ሆዴ ባባ። በሂሳብ ብቸኛ የሚባለው ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር መሆኑን ባውቅም፣ ይህን ቁጥር እንዲያው ትቼው መተኛት አልሆነልኝም።

ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ በአውሮፓውያኑ 1640 ብቸኛ ነው ብሎ ያመነው ይህንኑ 4,294,967,297ን ነበር። 3ን ወስዶ 1 ቀንሶ፣ የቀረውን በራሱ አባዝቶ፣ 1 ቢደምር 5 ያገኛል፤ በዚሁ መንገድ 17፣ 257 እና 65,537 ይከተላሉ፤ አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ስድስተኛው፣ ማለትም 4,294,967,297ም ሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሁሉ እንደዚያው እንደሚሆኑ ገመተ። በ1732 ግን ሌላው የሂሳብ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር ስድስተኛውን 641 እንደሚያካፍለው አሳየ።

የዚህ ቁጥር አካፋይ የሆነ ሁሉ ከ64 ብዜት በ1 የሚበልጥ መሆን አለበት። ከ65 እስከ 641 ድረስ እንዲህ ያሉት አሥር ብቻ ናቸው። 65 ቢያካፍለው 5ም ያካፍለው ነበር፤ 5 ግን ከ64 ብዜት በ1 አይበልጥም፤ እንዲህ ባለ ምክንያት 65፣ 129፣ 321፣ 385 እና 513 ይወድቃሉ። 257 ራሱ ከፌርማ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ3 ከተነሣው ሰንሰለት፣ አንዱ ነው፤ እነዚህ ደግሞ እርስ በርሳቸው ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። የቀሩትን አራቱን በእርሳስ አካፈልኩ። 193 ቀሪው 109 ሆነ፤ 449 ደግሞ 325። 577ን ስሠራ የሻማው ሰም ጠብ ብሎ አኃዞቹን ስለሸፈነብኝ እንደገና ጀመርኩና 288 ተረፈ። በ641 ሳካፍል ግን የመጨረሻው ቀሪ ዜሮ ሆኖ አለቀ፤ ድርሻውም 6,700,417 ነው። ብቻዬን ስለነበርኩ ይሁን አላውቅም፣ ጮክ ብዬ «አለው!» አልኩ።

ፌርማ ይህን እንዴት ሳያየው ቀረ? አራት ማካፈል ነው። ዘዴው አልነበረውም እንዳይባል፣ በዚያው በ1640 በተመሳሳይ መንገድ 137,438,953,471ን 223 እንደሚያካፍለው ያገኘው እሱ ራሱ ነው። አንዲት ቀሪ ላይ እጁ ስቶ ይሆን? ወይስ አምስቱ ሲያምሩለት ስድስተኛውን መፈተን ከብዶት? ለዚህ ሰው ከልቤ አዘንኩለት። ከ65,537 ወዲያ በዚህ ሰንሰለት ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም።

ቀና ስል ዝናቡ አባርቷል፤ ቡናውም ቀዝቅዟል። ልጁ ነገ ይደውላል። 641ን ልንገረው ወይስ ስለ 64 ብቻ ነግሬው ራሱ አካፍሎ እንዲደርስበት ልተወው?