ኖራው ለምን ይረግፍ ነበር?

ደብረ ብርሃን ውስጥ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራን አንድ የጡብ መጋዘን ወደ ማንበቢያ ቤትነት በመቀየሩ ሥራ ላይ የሳይት መሐንዲስ ሆኜ ስመደብ፣ ያስጨነቀኝ የዛገው ቆርቆሮና የሚያፈሰው አሸንዳ ነበር እንጂ ግድግዳው አልነበረም። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በጡቦቹ መካከል ያለው ኖራ ብቻ በጥፍር ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል።

ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሬ ኖራው ተፍቆ ስቲላቱራው፣ ማለትም የጡቦቹ መገጣጠሚያ ሙሌት፣ በሲሚንቶ እንዲሠራ አዘዝኩ። አንድ አዛውንት ግንበኛ ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ይህ ጡብ ለስላሳ ነው፤ ከእሱ የጠነከረ ነገር አታስታቅፈው» አሉኝ። «አባባ፣ ሲሚንቶ እኮ ነው፤ ምን ያደርገዋል?» ብዬ አለፍኳቸው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል፤ ፈቃዱንም ይዘን ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን የመገጣጠሚያ እድሳት ከማለት በቀር በምን እንደሚታደስ አልተጻፈም፤ መጻፍ የነበረብኝም እኔው ነበርኩ።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ፣ ፀሐይ በማያገኘው በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ቀይ ቅርፊት ተነስንሶ አገኘሁ። አንዱን አንሥቼ ባየው የጡቡ ፊት ነው፤ ከሳንቲም አይወፍርም፣ ጀርባው እርጥብ ነው። ቀና ስል ጡቦቹ ወደ ውስጥ ሸሽተው፣ የሲሚንቶው መስመር ብቻ እንደ ከሳ በሬ ጎድን ገጥጦ ቀርቷል።

የጥንቱ ጡብ ውኃ ይጠጣል፤ የጠጣውንም በኖራው በኩል ይተነፍሰው ነበር። ሲሚንቶው መውጫውን ሲዘጋበት እርጥበቱ በጡቡ ገላ ውስጥ ይቀራል፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ደግሞ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ፊቱን ገፍቶ ይጥለዋል። ጉድለት ያልኩት መርገፍ ለካ የኖራው ሥራ ኖሯል፤ እሱ እያለቀ ይተካል፣ ጡቡ ይተርፋል።

ሲሚንቶውን ማፍረሱ ከመሥራቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብን። ግራይንደር የጡቡን ጠርዝ ስለሚበላ ሲሚንቶው በመሮና በትንሽ መዶሻ ተለቀመ። አዛውንቱ ኖራውን በበርሜል ውኃ ውስጥ ለሳምንታት አቆይተው፣ ለአንድ እጅ ኖራ ሦስት እጅ አሸዋ ለወሱ፤ ከጡቡ ፊት ትንሽ ገባ አድርገው ሞሉትና ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጆንያ አለበሱት። ፊታቸው የተላጠውን ጡቦች እያወጣን ጀርባቸውን ወደ ውጭ አዞርን፤ በአንዱ ላይ የሠሪው ሦስት ጣቶች ከሸክላው ጋር አብረው ተተኩሰው ይታያሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን አዛውንቱ «ነግሬህ ነበር» አላሉኝም፤ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

በሰሜኑ በር ቅስት ላይ ግን ሲሚንቶው ጡቡን ቦጭቆ ካልሆነ አልወጣ ስላለ እንዳለ ተውነው። አንባቢዎች በሥሩ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ጥር በመጣ ቁጥር ጥበቃው ከደፉ ላይ ቀይ ዱቄት ይጠርጋል።