ልጄ ከሁለት የቀን እንቅልፍ ወደ አንድ እስክትወርድ ያየሁት

ልጅ ዓመት ስለሞላው ብቻ የጠዋት እንቅልፉን መተው አለበት የሚላችሁን ሰው እንዳትሰሙ። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ እኔና ልጄ ያን ሁሉ ሌሊት ቁጭ ብለን አናነጋም ነበር።

ቀላሉን ላስቀድም። ስድስት ወር አካባቢ በቀን ሦስቴ ትተኛ ነበር። ወደ ማታ የምትተኛትን አጭሯን እንቅልፍ ራሷ ተወቻት፣ እኔም የማታ መኝታዋን ትንሽ ቀደም አደረግኩላት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጣጣው የመጣው ከሁለት ወደ አንድ ስትወርድ ነው።

የምንኖረው አዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሥራዬ ደግሞ መሀል ከተማ። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፤ እሱ ሲያልቅ ሥራዬ አጠገብ ያለ የሕፃናት ማቆያ አስገባኋት። ከዚህ ሰፈር የሚወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ጎህ ሲቀድ ካልተነሳችሁ የታክሲው ሰልፍ አይቀመስም። ስለዚህ ልጄም በጨለማ ትነሳለች። በጨለማ የተነሳች ልጅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ቢያዳፋት ምን ይገርማል?

ዓመት ሲሞላት ወደ ትልልቆቹ ክፍል አዛወሯት። እዚያ እንቅልፍ አንዴ ብቻ ነው፣ ከምሳ በኋላ 7 ሰዓት ላይ። 3 ሰዓት ላይ ዓይኗን ስታሽ አንስተው ያጫውቷታል። ምሳዋን ሳትጨርስ ታንቀላፋለች። ማታ ስወስዳት ታክሲ ውስጥ ድብን ብላ ትተኛለች፤ ቤት ደርሼ ጫማዋን ሳወልቅ ትነቃና እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት አትተኛም፣ ከዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እየጮኸች ትነሳለች። በማግስቱ ደግሞ ያው።

ኃላፊዋን አናገርኳት። «እህቴ፣ ለአንድ ልጅ ብለን ፕሮግራም አንቀይርም። ማታ አቆዪያት፣ ሲደክማት ለጥ ትላለች» አለችኝ። ይሄ ምክር እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። ትንሽ ልጅ ከልኩ በላይ ሲደክመው ለጥ አይልም። ይነጫነጫል፣ ይቁነጠነጣል፣ እንቅልፍ እንቢ ይለዋል፣ ሌሊትም ደጋግሞ ይነቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ይላል። የእኔ ልጅ 11 ሰዓት ጭራሽ አትሞላም ነበር። ይህንን በስልኬ አውጥቼ ለኃላፊዋ ዘረጋሁላት። ሳታየው «የቤታችን ሕግ ነው» አለችኝ። ገንዘቡን የምከፍለው እኔ፣ ሌሊቱን የማድረው እኔ፣ ሕጉ የእነሱ!

ጎረቤቴ ደግሞ ለእኔ አዝና የጉንፋን ሲረፕ ትንሽ እንድሰጣት መከረችኝ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። እባካችሁ አታድርጉት። እንቅልፍ የሚያመጣ ሲረፕ ለማስተኛት ተብሎ ለሕፃን አይሰጥም፣ አደጋ አለው።

በ15 ወሯ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ላስከትባት ስወስዳት፣ ነርሷ ብዙ ልጆች የጠዋቱን እንቅልፍ የሚተዉት በ12 እና በ18 ወር መካከል እንደሆነ ነገረችኝ። ስድስት ወር ሰፊ ነው። የማቆያው ካላንደር ውስጥ አይገባም።

የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና ቤት አዋልኳት። መጀመሪያ የጠዋት እንቅልፏን መለስኩላት። ሌሊቱ ወዲያው ተረጋጋ። ከዚያ ራሷ እስክትጠግበው ጠበቅኩ። አንድ ቀን አልተኛም ማለት ምልክት አይደለም፣ ጥርስ ሲያበቅሉም መራመድ ሲጀምሩም እንቅልፋቸው ይረበሻል። ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት አልጋ ላይ እየተጫወተች ስትቆይና ሳትተኛም ደስተኛ ስትሆን ነው ጊዜው የደረሰው።

ያኔ እንቅልፉን አልሰረዝኩትም፣ ወደፊት ገፋሁት እንጂ። በየጥቂት ቀኑ 15 ደቂቃ፣ ቀስ እያለ ከ3 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 5፣ በመጨረሻ ከ6 ሰዓት በኋላ። ምሳዋን አስቀድሜ አበላታለሁ፣ አለዚያ በረሃብና በእንቅልፍ መሀል ተይዛ ሁለቱንም ታጣለች። ጎን ያለው ብሎክ ላይ ቀኑን ሙሉ ብረት ይቆርጣሉ፤ መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ማታ 1 ሰዓት ላይ አልጋ። እኛ አገር ዓመቱን ሙሉ በዚያ ሰዓት ይጨልማል፣ ተጠቀሙበት። ባለቤቴ አምሽቶ ስለሚገባ ሳያያት እየተኛች ቅር ብሎት ነበር። ቅዳሜና እሁድ ይጠግባታል፣ እንቅልፏ አይነካም አልኩት።

በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆን አለበት ይላሉ። እኔ አልተቀበልኩትም። ሌሊት ክፉኛ ያደረች ቀን ሁለቴ አስተኛኋት፣ ከዚያ በማግስቱ ወደ አንድ ተመለስን። ምንም አልተበላሸም። እንዲያውም በዚህ ነው ያለ ለቅሶ የተሻገርነው፣ እኮራበታለሁ።

አሁን ሌላ ማቆያ ነች። ማቆያ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ መመዝገቢያ ሳትከፍሉ «ከምሳ በፊት እንቅልፍ የመጣበትን ልጅ የት ታስተኙታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቦታውን አሳዩን በሏቸው። ካላሳዩዋችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።