የእማዬ አይፓድ አልዞር ያለ ሰሞን

ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ የተፈጠረውን ነገር ልጻፍላችሁ፣ ምክንያቱም እኔ ሳላውቅ ልከፍለው የነበረውን ብር ሌላ ሰው እንዲከፍል አልፈልግም። እማዬ አይፓድ ሚኒ 2 አላት፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ የላከችላት፣ አሮጌ ነው ግን እሷ እንደ ዓይኗ ነው የምታየው። ጠዋት ዳዊቷን እሱ ላይ ትደግማለች፣ ማታ ደግሞ ከልጅ ልጆቿ ጋር በፌስታይም ታወራለች። ዳዊቱ ፒዲኤፍ ነው፣ አይፓዱን አግድም ስትይዘው ገጹ ስለሚሰፋ ፊደሉ ጎላ ይልላታል፣ ቁም ከሆነ ግን መነጽር አድርጋም ትቸገራለች። እና ባለፈው እሁድ ከሥላሴ ስትመለስ ቁጭ ብላ ልታነብ ብታዞረው፣ ብታገላብጠው ስክሪኑ ንቅንቅ አልል አለ። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ደርቆ ቀረ መሰለኝ" አለችኝ፣ ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ነው ዕቃው ለሷ ምን እንደሆነ የገባኝ።

መጀመሪያ አጥፍቼ አበራሁት፣ ምንም የለም። ከዛ ከላይ በቀኝ ጥግ በኩል ወደ ታች ስቤ ኮንትሮል ሴንተሩን፣ ማለትም ፈጣን ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ያሉበትን ገጽ፣ ከፈትኩ፣ ምክንያቱም እኔ አይፎን ላይ የማውቀው በዙሪያዋ ቀስት የሞላባት የቁልፍ ምልክት አለች፣ እሷ በርታ ከሆነ ስክሪኑ ቁም ላይ ይታሰራል፣ ነክተህ ታጠፋታለህ አለቀ። እማዬ አይፓድ ላይ ግን ያቺ ምልክት የለችም! በቦታዋ ያለችው ደወል ናት፣ ድምፅ ማጥፊያዋ። አሮጌ ስለሆነ ይሆናል ብዬ አለፍኩት፣ ደወሏ እዛ መገኘቷ ራሱ መልሱ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር፣ እመለስበታለሁ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዤ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ከነከቨሩ ተቀብሎኝ የመስታወት ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ እንደ ሰሃን ዞር ዞር አደረገው፣ "እህት ሴንሰሩ ሄዷል፣ ከስክሪኑ ጋር አብሮ ነው የሚቀየረው፣ 6,500 ብር" አለኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ወንድሜ ትንሽ ላስብበት ብዬ ይዤው ወጣሁ፣ ግን ልክ ታክሲ ውስጥ ስገባ እማዬ ብቻዋን መጥታ ቢሆን ኖሮ ያለ አንድ ጥያቄ ትከፍል ነበር ብዬ ሳስብ ሆዴ ባር ባር አለኝ። ልጁን ሌባ ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን ያደረገው ምርመራ ስህተት ነው፣ ለምን ስህተት እንደሆነ ማወቅ ደግሞ ሁላችሁንም ይጠቅማችኋል።

ስልክም ታብሌትም ውስጥ አክስሌሮሜትር የሚባል ትንሽዬ ቺፕ አለ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። ውስጡ በዓይን የማትታይ የሲሊከን ቁራጭ እንደ ስፕሪንግ በሚለጠጥ ነገር ተንጠልጥላለች፣ ዕቃውን ስታዘነብለው የመሬት ስበት ወደ ታች ስለሚስባት ትንሽ ትንቀሳቀሳለች፣ ቺፑ ያቺን እንቅስቃሴ በኤሌክትሪክ ለክቶ "ታች በዚህ በኩል ነው" ይላል። የሚያውቀው ይሄንን ብቻ ነው፣ ታች የት እንደሆነ። እና ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ከተጋደመ ታች ማለት ጀርባው ነው፣ እንደፈለጋችሁ እንደ ሰሃን ብታዞሩት ጀርባው ጀርባው ነው፣ ለቺፑ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ስለዚህ ጤነኛ ስልክም አይዞርም። መሞከር ካለባችሁ እንደ መስታወት ፊት ለፊታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙትና ከዛ በጎኑ አዙሩት። ሌላው ደግሞ ያ ቺፕ ያለው ቦርዱ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አይደለም፣ ስለዚህ ይሄ ሴንሰር ስክሪን በመቀየር አይድንም።

ማታ ቤት ገብቼ ከቨሩን አወጣሁት። ከድምፅ መጨመሪያው በላይ አንዲት ወደ ላይና ወደ ታች የምትንሸራተት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፣ በጥፍሬ ገፋ ሳደርጋት ስክሪኑ ላይ ያቺው የቁልፍ ምልክት ብቅ ብላ ጠፋች፣ አይፓዱን ዘንበል ሳደርገው ዳዊቱ ገልበጥ ብሎ ሰፋ። እማዬ እልል አለች፣ የምሬን ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

የዚህች ማብሪያ ነገር ታሪክ አለው። የመጀመሪያው አይፓድ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ ስክሪን ማሰሪያ ነበረች፣ በዛው ዓመት ኅዳር ላይ አይኦኤስ 4.2 የሚባለው የአይፓዱ ሶፍትዌር ሲመጣ አፕል ድምፅ ማጥፊያ አደረጋት፣ ሰው ቅሬታ አበዛና በመጋቢት 2011 በ4.3 አፕዴት የቱን እንደምትፈልጉ ራሳችሁ ምረጡ ተባለ። እስከ አይፓድ ሚኒ 3 እና እስከ መጀመሪያው አይፓድ ኤር ድረስ አለች፣ ከ2014ቱ አይፓድ ኤር 2 ጀምሮ ግን ቀርታለች። ምርጫው ሴቲንግ ውስጥ ጀነራል ላይ ነው ያለው፣ ዩዝ ሳይድ ስዊች ቱ ይላል። እና ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፣ ማብሪያዋ ስክሪን እንድታስር ከተመረጠች ኮንትሮል ሴንተር ውስጥ የድምፁ ደወል ይመጣል፣ ድምፅ እንድታጠፋ ከተመረጠች ደግሞ የስክሪኑ ቁልፍ ይመጣል። ደወሏን ካያችሁ ስክሪኑን ያሰረችው የጎኗ ማብሪያ ናት ማለት ነው!

ማን ነካት? እማዬ አልነካሁም ብላ ስትምል ነበር፣ እውነቷን ነው። ቅዳሜ ዕለት ከመርካቶ አዲስ የላስቲክ ከቨር ገዝተንላት ነበር፣ ቀዳዳው ከማብሪያዋ ጋር በደንብ አይገጥምም፣ አይፓዱን ወደ ውስጥ ስንገፋው ጠርዙ ማብሪያዋን ይዟት ወርዷል። ወንድሜ በምላጭ ቀዳዳውን ሰፋ አደረገው፣ አለቀ። በነገራችን ላይ ማግኔት ያለው ከቨር ነው ሴንሰሩን ያበላሸው የሚል ሰው አለ፣ ማግኔት የሚረብሸው ኮምፓሱን ነው፣ አክስሌሮሜትሩ የሚሠራው በስበት ስለሆነ ከማግኔት ጋር ብዙም አይገናኝም።

አንድሮይድ ለያዛችሁ ደግሞ፣ ከላይ ወደ ታች ስትስቡ ኦቶ ሮቴት የሚል ምልክት አለ፣ ሳምሰንግ ላይ ሲጠፋ ፖርትሬት ብሎ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ብቻ ነው፣ ልጆች ስልክ ሲነካኩ ወይ ኪስ ውስጥ ሆኖ ይጠፋል። ከአንድሮይድ 9 ወዲህ ደግሞ ኦቶ ሮቴቱ ጠፍቶ እንኳን ስልኩን ስታጋድሙት ታች ጥግ ላይ ትንሽ የመዞሪያ ምልክት ብልጭ ትላለች፣ እሷን ከነካችሁ ለዛች ጊዜ ብቻ ይዞራል፣ እኔ በጣም የምወዳት ነገር ናት። ከመደናገጣችሁ በፊት ደግሞ በሌላ አፕ ሞክሩ፣ ኢንስታግራም አይፎን ላይ ድሮም አይዞርም፣ ብዙዎቹ አይፎኖች ዋናው ገጽ ላይም አይዞሩም፣ ስለዚህ ፎቶ ከፍታችሁ ወይ ብሮውዘር ላይ ነው መሞከር ያለባችሁ።

ኦቶ ሮቴቱ በርቶም ካልዞረ ሪስታርት አድርጉት፣ ካልሆነ ሴፍ ሞድ ግቡ፣ ብዙ ስልኮች ላይ የማጥፊያውን ምልክት ጫን አድርጎ በመያዝ ይገባል፣ እዛ ውስጥ ያወረዳችኋቸው አፖች አይሠሩም፣ እዛ ከዞረ ስልካችሁ ጤነኛ ነው፣ ያሰረው አንድ አፕ ነው፣ በቅርብ ከጫናችሁት ጀምራችሁ እያጠፋችሁ ሞክሩ። ሳምሰንግ ከሆነ መደወያው ላይ *#0*# ስትጽፉ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል፣ ሴንሰር የሚለውን ንኩና የአክስሌሮሜትሩን ቁጥሮች ተመልከቱ። ሦስት ቁጥር ነው፣ ስልኩ ቀጥ ብሎ ሲቆም አንደኛው ትልቅ ይሆናል ሌሎቹ ወደ ዜሮ ይጠጋሉ፣ በጎኑ ስታዞሩት ትልቋ ቁጥር ወደ ሌላኛው ትሄዳለች፣ ያቺ ትልቅ ቁጥር የመሬት ስበት ራሱ ናት። ቁጥሮቹ ከሞቱ፣ ማለትም ስልኩን ስትወዘውዙት ምንም የማይለወጡ ከሆነ፣ ያኔ ነው በእርግጥም ሴንሰሩ ሄዷል የሚባለው።

የታናሽ ወንድሜ ስልክ እንደዛ ነው የሆነው፣ ከደረጃ ላይ ከወደቀ በኋላ ቁጥሮቹ ደርቀው ቀሩ፣ እሱ ግን አላሠራውም። ዩቲዩብ ላይ ፉል ስክሪን የምትለዋን ስትነካ ያለ ሴንሰርም አግድም ይሆናል፣ ለሌላው ከፕሌይ ስቶር ስክሪን በግድ የሚያዞር አፕ ጭኖ እየተጠቀመ ነው፣ ቦርድ የሚነካ ጥገና ከማሠራት ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ። አንዳንድ ጠጋኝ ደግሞ "ስልክሽ ጋይሮ የለውም" ይላል፣ ርካሽ ስልኮች ጋይሮስኮፕ ላይኖራቸው ይችላል እውነት ነው፣ ግን ስክሪን ለማዞር አክስሌሮሜትሩ ብቻውን ይበቃል።

ወደ እማዬ ልመለስ። ከተስተካከለ በኋላ ማክሰኞ ማታ ሌላ ቅሬታ መጣ፣ አልጋ ላይ በጎኗ ጋደም ብላ ስታነብ ገጹ እየተገለበጠ አስቸገራት። ይሄም ያው የስበቱ ነገር ነው፣ አይፓዱ ታች የት እንደሆነ እንጂ የሷ ጭንቅላት ወዴት እንደተጋደመ አያውቅም። ሲጨንቀኝ ቁጭ ብዬ ማብሪያዋን አሳየኋት፣ እማዬ ይቺን ወደ ታች ካደረግሻት ታስሯል፣ ወደ ላይ ካደረግሻት ተፈቷል አልኳት። "እና እስካሁን የታሰረው በሷ ነው?" አለችኝ፣ አዎ ስላት ጣቷን አስለመደቻት፣ ላይ ታች፣ ላይ ታች። አሁን ማታ ማታ ከክፍሏ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማኛል፣ ከዛ የዳዊቱ ማንሾካሾክ ይቀጥላል።