ሦስተኛው መስከረም፦ ቀስት፣ አጋሰስና ሚዛን

«ፈረሱን ለእኔ ተዉት፤ እኔ የእንጅባራ ልጅ ነኝ።» ይህን ያልኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ አብረውኝ ለአደን ለሚወጡት ሁሉ፣ ጮክ ብዬ። ዘንድሮ በቀስት የመጀመሪያውን ኤልክ፣ ትልቁን የአሜሪካ አጋዘን፣ ይዘን ተመለስን፤ ፍሪዘሩ አልዘጋ ብሎ በወንበር ደግፈነዋል። ስለዚህ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ያ ፉከራ ምን እንዳስከፈለኝ ግን ከመሃል አልዘለውም።

ጅማሬውን ባጭሩ ልበል። የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። እዚህ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት ሳይወስድ ፈቃድ አይገዛም፤ እኔና የባለቤቴ ወንድም አብረን ተማርን። ለትልቅ አውሬ የሚፈቀደው ቀስት ቢያንስ 35 ፓውንድ የሚሳብ ነው፤ የእኔ 60 ነው። የመጀመሪያው ዓመት በእግር ቁስል አለቀ። በሁለተኛው ዓመት ወንዱ ኤልክ እስከ አርባ ሜትር መጥቶልኝ ነፋሱ አሳበቀብኝ። ጠዋት የቀዘቀዘው አየር ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ደግሞ ሽቅብ ይወጣል፤ ይህን በክፍል ተምሬዋለሁ፣ ያመንኩት ግን የአውሬውን ጀርባ ካየሁ በኋላ ነው።

ስለ ቀስት አንድ ነገር ብቻ። በሁለት ሺህ ዶላር የሚሸጠውን ኮምፓውንድ ቦው፣ ባለ መዘውሩን ዘመናዊ ቀስት፣ ተዉት። ያገለገለ ግዙና የተረፈውን ገንዘብ ለፍላጻ አውሉት፤ በየቀኑ ሃያ ፍላጻ መወርወር አንድ ቅዳሜ መቶ ከመወርወር ይሻላል። የማይስማማ ይኖራል፤ አይስማማ።

አሁን ወደ ጭነቱ። የምንወጣው ፍላት ቶፕስ የሚባለው የኮሎራዶ ተራራማ አገር ነው፣ ከትራፐርስ ሐይቅ በላይ። ሐይቁ ራሱ ከደብረ ብርሃን ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በሕግ የተከለለ ዱር ስለሆነ ሞተር ቀርቶ ብስክሌት አይገባበትም፤ የወደቀ ዛፍ መንገድ ከዘጋም በእጅ መጋዝ ነው። ትልቅ ወንድ ኤልክ ደግሞ ሦስት መቶ ኪሎ ይደርሳል። ሥጋውን አጥንቱን አውጥተህ እንኳ በጀርባ ተሸክመህ ሰባት ማይል ልወርድ ብትል፣ አንተም ሥጋውም ትበላሻላችሁ። ስለዚህ አጋሰስ የግድ ነው።

እኔ ፈረስ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። አገው ምድር ያደገ ልጅ ፈረስ አያውቅም ማን ይለዋል? ያልነገርኳቸው ነገር ያደግሁት በግልቢያ እንጂ በጭነት አለመሆኑን ነው። በእኛ ቤት ጭነት የአህያና የበቅሎ ነበር፣ የሚጭነውም አባቴ። እኔ ልኮ ይዤ ከፊት መሄድ ብቻ ነበር ሥራዬ።

ፈረሶቹ የጎረቤታችን የሽማግሌው ናቸው፤ ሁለት ሰንጋ፣ አንዱ ዳማ፣ አንዱ ቦራ። የጭነት ኮርቻው ከላይ መስቀልኛ እንጨት ያለው ነው፣ በግራና በቀኝ ሳጥን ይንጠለጠልበታል። በመጀመሪያው ዓመት ጭነቱ ሁለት ማይል ሳንሄድ ሦስት ጊዜ ዞሮ ሆዱ ሥር ገባ። ፈረሱ ደነገጠ፣ ድንኳናችን ጅረት ውስጥ ገባ። እኔ ኮርቻውን ወቀስኩ። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፍ አዲስ ወፍራም ግላስ ገዛሁ፣ አዲስ የሆድ ጠፍር ገዛሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ጭነቱ አሁንም ዞረ።

ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ። ጭነት ሲያጋድልበት የቀለለው ወገን ላይ ድንጋይ ያስር ነበር። እኔም አሰርኩ፤ ትንሽ ተሻለ። ስንመለስ በኩራት ለሽማግሌው ነገርኩት። «ድንጋዩስ መልካም» አለኝ፤ «ስንት ፓውንድ ነበር?» መልስ አልነበረኝም። አባቴም ስንት እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ ግን ሁለቱን ስልቻ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እጁ ብድግ አድርጎ ይለካና ያውቅ ነበር። ያ እጅ የለኝም። ቢሮ የዋለ እጅ ነው የእኔ።

ስለዚህ ዓሣ አጥማጆች የሚይዟትን ተንጠልጣይ ሚዛን ገዛሁ፣ ከአሥራ አምስት ዶላር በታች። ከዕቃዬ ሁሉ አንድ ብቻ አስቀር ብትሉኝ እሷን ነው የማስቀረው፣ ቀስቱን ሳይሆን። የሁለቱ ሳጥን ልዩነት ከአንድ ሁለት ፓውንድ እንዳይበልጥ። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ወደ ፈረሱ ጎን ተጠግቶ፤ ጠርዝ ያለው ነገር ግን የጎድን አጥንቱን እንዳይነካ። ጠቅላላ ጭነቱ ለአንድ ፈረስ ከ150 ፓውንድ አይለፍ። ሌላው ደግሞ ሆዱ ነው፦ ጠፍር ስታጠብቁ ፈረስ ሆዱን ይነፋል፤ ሩብ ሰዓት ተጉዛችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁ። አለመቆም ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሳጥኖቹ የሚታሰሩበትን ቋጠሮ ቦክስ ሂች ይሉታል። ሽማግሌው ክረምቱን ሙሉ ጋራዤ ውስጥ በበርሜል ላይ አለማመደኝ፤ ባለቤቴ «ይሄ በርሜል የት ሊሄድ ነው በየቀኑ የምትጭነው?» እያለች። ልጄ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ከእኔ ቀድሞ ተማረው። በቪዲዮ አይቼ እማራለሁ ለሚል ሰው የምለው፣ ቪዲዮው ውስጥ ያለው ገመድ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። የእናንተ ርጥብ ይሆናል፣ ጣታችሁም ይደነዝዛል።

ዘንድሮ ሽማግሌው ጉልበቱን አሞት ቀረ። ነሐሴ ላይ ሚከር ከተማ አካባቢ የተነሣው ትልቅ እሳት ደግሞ እኛንም ሊያስቀረን ነበር። ሆኖም ጳጉሜን 3 ወጣን፤ እኔ፣ ልጄ፣ የባለቤቴ ወንድምና አንድ ጓደኛችን። የአሜሪካ የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት በሚያስተዳድረው መሬት ላይ ከአረም ዘር ነፃ የተባለ ድርቆሽ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ስለዚህ እሱንም ከሠርተፊኬቱ ጋር ይዘናል። መኪናው ጋ ሳጥኖቹን መዘንኩ፦ ዳማው በግራ 61፣ በቀኝ 62። ልጄ እንኳ አጨበጨበ።

ሰፈር ደርሰን ፈረሶቹን እንደ ደንቡ በሁለት ዛፍ መሃል ከራስ በላይ በተወጠረ ገመድ አሰርናቸው፤ ግንዱ ላይ በቀጥታ ከታሰሩ ሥሩን በኮቴያቸው ይጨርሱታል። ሦስት ቀን ጩኸት ብቻ ሰማን። የወንዱ ኤልክ ጩኸት ፉጨት ነው ልበል ማጓራት፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሳል መሰል ነገር አለበት፤ በመስከረም ብርድ ሌሊት ስትሰሙት ድንኳኑ ውስጥ ወሬ ያቆማል።

እንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለ። አበባ አየሆሽ የሚል የለም፣ አደይ የለም። ማምሻውን ልጄ በጥሩንባው የሴቷን ድምፅ አሰማ፣ ወንዱ ከጥድ ውስጥ ወጣ፣ የባለቤቴ ወንድም በ31 ያርድ ለቀቀው። አርባ ደቂቃ ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ ቸኩሎ የተከተለ የቆሰለ አውሬ ያባርራል። ሰማንያ ሜትር አልሄደም። በየብልቱ አውጥተን ጨርሰን፣ ሥጋውን በስስ ከረጢት አድርገን፣ የመጀመሪያውን ዙር ሰፈር ስናደርስ እኩለ ሌሊት አልፏል። ዓርብ ገባ ማለት ነው። ያን ሁሉ ሥጋ ዛፍ ላይ ሰቅለን ሽሮ በላን። እናቴ በኋላ በስልክ ስሰማት፣ መጀመሪያ የጠየቀችው «ማን ባረከው?» ብላ ነው። አማቼ ገመዱን ሲለቅ በስመ አብ ብያለሁ ይላል። እሷ ግን የነፍስ አባቱን ይጠይቅ ብላለች፤ እስካሁን አልጠየቀም።

የመጀመሪያው ዙር ያልኩት በምክንያት ነው። ሁለት ፈረስ እያለን ሥጋ የጫነው ቦራው ብቻ ነበር። እሱም የደሙ ሽታ አስፈርቶት ጃኬት ዓይኑ ላይ አድርጌ ነው የቆመልኝ። «ዳማው አሞታል» አልኳቸው። አንዱን የፊት እግር ራሴ ተሸከምኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፤ ጓደኛችን «ዛሬ ምን ነካህ፣ ጉልበት አበዛህ» አለኝ።

የሆነው ይህ ነው። ጳጉሜን 3 ሚዛኑን ኪሴ ከከተትኩ በኋላ፣ መኪናውን ስዘጋ፣ ወንበሩ ላይ ጀበናውን፣ የብረት ምጣዷንና የዳቦ ቆሎውን ፌስታል አየሁ። የቀኙን ሳጥን አስሬ ጨርሻለሁ። ሁሉንም ግራው ውስጥ ወተፍኳቸው። ለሰባት ማይል ምን ይሆናል አልኩ። ማታ ኮርቻውን ሳወርድ የዳማው ጀርባ በላብ ርሷል፣ ትከሻው አናት ላይ በግራ በኩል ግን መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ አለች። ጭነት አጥብቆ የተጫነው ቦታ ላብ አያወጣም፤ ይህንንም በርሜሉ ላይ ተምሬ ነበር። በነጋታው አበጠ፣ ከዚያ ጸጉሩ ተገፈፈ። ልጄ አይቶ «አባዬ፣ መዝነነው አልነበር?» አለኝ። «መዝነነዋል» አልኩት።

ስንመለስ ለሽማግሌው ብቻ እውነቱን ነገርኩት፣ ልጄ መኪና ውስጥ እያለ። አልተቆጣኝም። ቁስሉን በጣቱ ዳር ዳሩን ዳበሰና «ይድናል፣ ጸጉሩ ግን ነጭ ሆኖ ነው የሚበቅለው» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ቋንጣ ይዤለት ሄድኩ፣ ልጄም አብሮኝ። ዳማው አጥሩ ጋ መጣ። ልጄ ትከሻውን እያከከ ቆየና፣ ጥቂት ነጭ ጸጉር ብቅ ያለባት ቦታ ላይ እጁን አቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። የጀበናውን ነገር ያኔ ነገርኩት።