ለትምህርት ቤት የተሰፋ ቀሚስ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 1957 ረቡዕ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 29 ቀን 1949 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ እንቁጣጣሽ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው። በዚያን ቀን ጠዋት አሜሪካ ውስጥ፣ በሁለት የተለያዩ ከተሞች፣ የአሥራ አምስት ዓመት ሁለት ጥቁር ልጃገረዶች አዲስ ቀሚስ ለብሰው ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። ሁለቱም ቀሚሶች ቤት ውስጥ የተሰፉ ነበሩ። ሁለቱም ልጆች መንገድ ላይ ፎቶ ተነሱ። ፎቶዎቹ ዓለምን ዞሩ።

ሰሞኑን እነዚህን ፎቶዎች ደጋግሜ እያየሁ ነው። “የመጀመሪያዋ ጥቁር”፣ “የመጀመሪያው ጥቁር” እየተባሉ በታሪክ መጻሕፍት የሚወጡ ፎቶዎችን ድሮም እወዳለሁ። አሁን ግን ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ስፌቱ ላይ ነው። ቀሚሱን ማን ሰፋው? ማን ተኮሰው? ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ቤቱ ውስጥ ምን ይባል ነበር? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በማግስቱ ጠዋት ምን ሆነች? (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

የመጀመሪያዋ ኤልዛቤት ኤክፎርድ ናት። አገሯ አርካንሳስ፣ ከተማዋ ሊትል ሮክ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ የወሰነው በ1954 ነው። ሊትል ሮክ ላይ ውሳኔው መሬት የሚነካው ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ሴንትራል ወደሚባለው ትልቁ የነጮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነበር። የግዛቱ አገረ ገዢ ኦርቫል ፎበስ ግን ወታደር አሰለፈ። ለጸጥታ ነው አለ። የወታደሮቹ ሥራ ዘጠኙን ልጆች ማስቀረት ነበር።

ኤልዛቤት ቀሚሷን የሰፋችው ራሷ ናት። ነጭ ነው፣ ከታች በኩል ዳማ ዳማ የሆነ ሰፊ ጥለት አለው። ለመጀመሪያው የትምህርት ቀን ብላ ያዘጋጀችው ነው። በዚያን ቀን ጠዋት እየተኮሰችው ሳለ ታናሽ ወንድሟ ቴሌቪዥን ከፈተ። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሰው መሰብሰቡን ያወራል። እናቷ ዝጋው አለች። አባቷ ያልተለኮሰ ሲጋር በእጁ፣ ያልተለኮሰ ፒፓ በአፉ ይዞ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። እናትየው ቤተሰቡን ሰብስባ ጸሎት አደረሱ። የተነበበው መዝሙረ ዳዊት 27 ነው፤ በእኛ ዳዊት 26ኛው። “እግዚአብሔር ብርሃኔና መድኃኒቴ ነው፤ የሚያስፈራኝ ማን ነው?” ይህን ሳውቅ ደነገጥኩ። አያቴ ሌሊት ተነስታ የምትደግመው መዝሙር ነው።

ሌሎቹ ስምንት ልጆች ብቻቸውን እንዳይሄዱ በዋዜማው በስልክ ተነግሯቸው ነበር። ዴዚ ቤትስ የምትባለው የጥቁሮች መብት ተሟጋች፣ አንድ ቦታ ተገናኝተው ከሃይማኖት አባቶች ጋር አብረው እንዲሄዱ አመቻችታ ነበር። ኤክፎርዶች ቤት ስልክ አልነበረም። ስለዚህ ኤልዛቤት እንደማንኛውም ቀን የከተማ አውቶቡስ ይዛ ብቻዋን ሄደች። ያን ፎቶ ለብቻዋ እንድትሞላው ያደረጋት ይኸው ነው፤ የስልክ አለመኖር። በየመጽሐፉ “ብቻዋን የተጋፈጠች ጀግና” ተብሎ ሲጻፍ ይህን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ብቻዬን ልሁን ብላ አልመረጠችም።

ከአውቶቡስ ወርዳ ስትጠጋ ወታደሮቹ ነጭ ተማሪዎችን ሲያሳልፉ አየች። እኔንም ያሳልፉኛል ብላ ሄደች። ጠበንጃቸውን አገናኝተው ዘጉባት። ሌላ ቦታ ሞከረች፣ እዚያም ዘጉባት። ሰዉ ከኋላ መጣ። “ስቀሏት” የሚል ድምፅ ነበረበት። ከመሃል የሚያዝን ፊት ፈለገች። አንዲት አሮጊት ዓይኗ ውስጥ ገቡ፤ ደግ መሰሏት። ቀና ብላ ስታያቸው ተፉባት።

ፎቶው የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ኤልዛቤት ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ከኋላዋ በእሷው ዕድሜ ያለች ነጭ ልጅ፣ ሄዝል ብራያን፣ አፏን በሰፊው ከፍታ ትጮሃለች። ፎቶውን ያነሳው ዊል ካውንትስ ነው፤ የአገሩ ጋዜጣ የአርካንሳስ ዴሞክራት ባልደረባ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ጋዜጠኞች የሚይዙት ትልቁን ካሜራ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ ፊልሙን እንደገና መቀየር ይጠይቃል። ካውንትስ ትንሿን 35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ይዞ ነበር። በአንድ ጥቅል ፊልም ከልጅቷ ፊት ፊት ወደ ኋላ እየሄደ ደጋግሞ ማንሳት ቻለ። ያ የሄዝል አፍ የተከፈተበት ቅጽበት የተያዘው እንደዚህ ነው።

ፎቶው የማያሳየው አግዳሚ ወንበር አለ። ኤልዛቤት መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለውን የአውቶቡስ ፌርማታ አይታ፣ እዚያ ከደረስኩ እተርፋለሁ ብላ ሄደች። ተቀመጠች። ሰዉ ከበባት። ቤንጃሚን ፋይን የተባለ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ አጠገቧ ተቀምጦ ትከሻዋን አቀፋትና ስታለቅሺ እንዳያዩሽ አላት። ግሬስ ሎርች የምትባል ነጭ ሴት ደግሞ ሰዉን እየተቆጣች አውቶቡስ ላይ አብራት ወጣች። ኤልዛቤት ቤቷ አልሄደችም። በቀጥታ እናቷ የምትሠራበት ሄደች። እናቷ የዓይነ ስውራንና የመስማት የተሳናቸው ጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር የምትሠራው። ልጅቷ ስትደርስ እናትየው መስኮቱ ጋ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ስታለቅስ ነበር።

እናት ነኝና እዚህ ጋ ስደርስ አልችልም። ያን ቀን ጠዋት ጸሎት አድርሳ ልጇን ሸኝታ፣ ወደ ሥራዋ ሄዳ የሰው ልብስ ስታጥብ የዋለችውን ሴት ማንም ፎቶ አላነሳትም።

ሁለተኛዋ ዶሮቲ ካውንትስ ናት፤ የስም መመሳሰል ነው እንጂ ከፎቶ አንሺው ጋር ዝምድና የላትም። ከተማዋ ሻርለት፣ ሰሜን ካሮላይና። አባቷ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። የእሷን ቀሚስ የሰፉት አያቷ ናቸው። ዳማ ነው፤ ከአንገትጌው ሥር ረጅም ሪባን ወርዷል። ሪባኑን በጣም ነው የማየው። አያት ናቸው እንዲህ ዓይነት ሪባን የሚያስገቡት፤ ልጄ አምራ ትታይ ብለው። በዚያ ሪባን ላይ ነው የተተፋው። ጠጠርና ቆሻሻም ተወርውሮባታል። ልጅቷ ግን ቀጥ ብላ ነው የምትራመደው። ከኋላዋ ያሉት ልጆች ይስቃሉ። በዱላ ከሚመቱ ወንዶች ይልቅ እነዚያ የሚስቁ ልጆች ያስፈሩኛል። ከዚህ ቀን የተነሳ አንድ ፎቶ ዎርልድ ፕሬስ ፎቶ የሚባለውን የዓመቱን ሽልማት አግኝቷል።

ዶሮቲ እዚያ የነጮች ትምህርት ቤት አራት ቀን ተምራ ወጣች። ወላጆቿ የደኅንነቷ ነገር ስላሳሰባቸው አስወጧትና ፊላደልፊያ ዘመድ ጋ ልከው አስተማሯት። አንዳንድ ቦታ ታሪኳ ሲነገር ይህች አራት ቀን እንደ ሽንፈት ሹክ ትባላለች። እኔ እንደዚያ አላየውም። አባት ልጁን ለታሪክ ብሎ የሚሰጥበት ልክ አለው። አራት ቀን ሙሉ ያቺን በር ገፍታ የገባች ልጅ መጀመሪያ ናት፣ ነገሩ አበቃ። ትምህርት ቤቱ ራሱ በ2008 የክብር ዲፕሎማ ሰጥቷታል። ሃምሳ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል።

ኤልዛቤት ደግሞ ተመለሰች። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር 101ኛውን አየር ወለድ ክፍለ ጦር ልኮ፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን ዘጠኙ ልጆች በወታደር ታጅበው ገቡ። ፎቶዎቹ እዚያ ያልቃሉ፣ ልጆቹ ግን ዓመቱን ሙሉ ኮሪደር ውስጥ ሲገፉ፣ ሲሰደቡ፣ ዕቃቸው ሲበላሽ ከረሙ። ሚኒጂን ብራውን በፌብሩዋሪ 1958 ተባረረች። ከዘጠኙ የመጨረሻው ክፍል ላይ የነበረው ኧርነስት ግሪን በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ተመረቀ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ የመጀመሪያው ጥቁር። ቀጥሎ ያለውን ዓመት ሙሉ ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ብሎ ፎበስ የከተማውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዘጋ፤ የከተማው ሰውም በድምፁ አጸደቀው። የራሱን ልጆችም ያለ ትምህርት አስቀመጠ ማለት ነው። ጥላቻ ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል ፈቃደኛ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ሄዝል ብራያን በ1963 ደውላ ኤልዛቤትን ይቅርታ ጠይቃለች። በ1997 ያው ዊል ካውንትስ ሁለቱን ጎን ለጎን ፈገግ እያሉ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት አነሳቸው። ፖስተርም ተሠራበት፤ “እርቅ” ተባለ። ሁለቱ ሴቶች ለተወሰነ ጊዜ ጓደኛ ሆኑ፣ ከዚያ ተለያዩ። ሰዉ ያን ሁለተኛ ፎቶ ይወደዋል። እኔ የቸኮለ ይመስለኛል። በአገራችን እርቅ ሲወርድ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የተበደለ በደሉን ዘርዝሮ ተናግሮ፣ ካሳው ተቆርጦ ነው። እዚያ ግን መጀመሪያ ፎቶው ተነሳ። ኤልዛቤት በኋላ እውነተኛ እርቅ የሚመጣው የሚያምመውን የጋራ ታሪካችንን በሐቅ ስንቀበል ነው የሚል ሐሳብ ፖስተሩ ላይ እንዲለጠፍ አድርጋለች። ትክክል ናት።

አንድ ሌላ ፎቶ ሳልጠቅስ አላልፍም። ይህም የካውንትስ ነው። ሴፕቴምበር 23 ቀን፣ አሌክስ ዊልሰን የተባለ ጥቁር ጋዜጠኛ እዚያው ትምህርት ቤት አጠገብ ሲደበደብ። ረጅም ሰው ነው። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ባርኔጣው ሲወድቅ አንስቶ፣ የተጨማደደውን አስተካክሎ፣ መራመዱን ቀጠለ። ሌሎቹ ሩጥ ሲሉት አልሮጠም። በልጅነቱ ከነጭ ዘረኞች ሸሽቶ ያውቅ ነበርና ዳግመኛ አልሮጥም ብሎ ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። በጡብ ጭንቅላቱን መቱት። በ1960 ሞተ። እሱ ከዘጠኙ ልጆች አንዱ አይደለም፣ “የመጀመሪያው” ተብሎም አይጠራም። ግን ሰዉ እሱንና ባልደረቦቹን ሲደበድብ ልጆቹ በጎን በር ገቡ፤ የዚያኑ ቀን ከሰዉ ሸሽተው ቢወጡም፣ ወታደር አጅቧቸው ከመግባታቸው ሁለት ቀን በፊት መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሜሪላንድ ሆኜ ነው። ልጄ የምትማርበት ክፍል ውስጥ የሁሉም ዓይነት ልጅ አለ። ጠዋት ሳደርሳት ማንም ዞር ብሎ አያያትም። አንዳንድ ጊዜ ማኅበር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ከእኛው ሰዎች ስለ ጥቁር አሜሪካውያን “እኛ እኮ ከእነሱ እንለያለን” የሚል ነገር እሰማለሁ። ያንገበግበኛል። በ1924 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ኤልዛቤት ከወታደሮቹ ፊት በቆመችበት ዓመትም ያው 100 ነበር። ያን የኮታ ሥርዓት ያፈረሰው የ1965ቱ ሕግ ነው። እሱም የወጣው የሲቪል መብት ሕጉ ከወጣ በዓመቱ፣ የጥቁሮች የመምረጥ መብት ሕግ በተፈረመበት ዓመት፣ በዚያው ትግል ግፊት ነው። በኋላ ዲቪ የመጣው ያ በር ከተከፈተ በኋላ ነው። እኛ ሻንጣችንን ይዘን የገባነው እነሱ በተተፋባቸው በር ነው።

ደግሞስ ብድሩ ከዚያ ይቀድማል። ጆን ሮቢንሰን የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ ቺካጎ ውስጥ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጥቁር ነህ ብሎ ሲመልሰው፣ እዚያው ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ክፍል እየጠረገ ትምህርቱን አዳመጠ። በመጨረሻ ተቀበሉት፣ ከዚያም እሱ ሌሎች ጥቁሮችን አስተማረ። በ1935 ጣሊያን ሲመጣብን አገራችን ገብቶ ትንሿን አየር ኃይላችንን መራ። ከነፃነት በኋላ በ1944 ተመልሶ መጥቶ አብራሪዎች አሠለጠነ። በ1954 ለበሽተኛ ደም ለማድረስ ሲበር በደረሰበት አደጋ አዲስ አበባ ላይ አረፈ። በበራሪ ልብስ፣ ቆቡን አድርጎ የተነሳው ፎቶ አለ። ያን ፎቶ ከኤልዛቤትና ከዶሮቲ ፎቶ ጋር አንድ ላይ አትሜ ለልጄ ክፍል ልወስደው ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ወላጆች መጥተው እንዲናገሩ ይጋብዛሉ፣ አስተማሪዋን አነጋግሬያለሁ።

የአባቴ ወንድም ጋሽ ታደሰ አየር ኃይል ነበሩ። ስለ ሮቢንሰን ከእሳቸው የቀደሙት አብራሪዎች ያወሩትን ሳይሰሙ አይቀሩም። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ስልክ ላይም ቶሎ ይደክማቸዋል። ነገ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደውዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ የሚነግሩኝን እጽፈዋለሁ።