ለዳገት የሚሆን ካምቢዮ፦ ጅማ ውስጥ አሮጌ ኤም ጂ ቢ ላይ አምስት ማርሽ የገጠምኩበት መንገድ

መኪናዬ በ1966 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር አቢንግደን የተሠራች ኤም ጂ ቢ የተባለች አነስተኛ የስፖርት መኪና ናት። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በአንድ የቡና መጋዘን ጥግ፣ ባዶ ጆንያ ተከምሮባት ለዓመታት ቆማ ነበር ያገኘኋት። ሞተሯን ማስነሣት ከጠበቅሁት በላይ ቀለለኝ፤ ሁለቱ ካርቡራቶሮች ታጥበው፣ ካንዴላዎቹ ተቀይረውና የቤንዚን መስመሩ ተጠርጎ 1,798 ሲሲ የሆነው ሞተር በሁለተኛው ቀን ተነሣ። ያስቸገረኝ፣ ገንዘቤንም ክረምቴንም የበላው ካምቢዮው ነው።

እስከ 1967 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች ላይ ያለው ባለአራት ማርሽ ካምቢዮ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲገባ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያመሳስል ቀለበት) ሲኖረው አንደኛው ግን የለውም። ስለዚህ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ካልቆመች በስተቀር አንደኛ ማስገባት የሚቻለው ፍሪሲዮን ረግጦ ወደ ዜሮ በመመለስ፣ ለቅጽበት ነዳጅ ሰጥቶ፣ ከዚያም እንደገና ፍሪሲዮን በመርገጥ ነው። ይህን ሜዳ ላይ ያለ ጭንቀት የሚያደርግ ሾፌር፣ ከፊቱ ተሳቢ ከኋላው አውቶቡስ በሆነበት ዳገት መሃል እጁ ሊከዳው ይችላል። እኔን የከዳኝ ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ ከግቤ ድልድይ ወደ አበልቲ በሚወጣው ጠመዝማዛ ላይ ነው። ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጎተተ ከፊቴ ነበር፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንደኛ ለማስገባት ሞከርኩ፤ ድንጋይ በወፍጮ ውስጥ የገባ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ አንደኛ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ዳገቱን በሁለተኛ፣ በየኩርባው እየቆምኩና ፍሪሲዮኑን እያቃጠልኩ ጨረስኩት። ጅማ ደርሰን ዘይቱን ስናፈስ ከጥቁሩ ዘይት ጋር ሦስት የብረት ጥርሶች ሳፋው ላይ ወደቁ፤ አንዱን እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ብዙ ሰው «ባለአምስት ማርሽ ልግጠምበትና ልገላገል» የሚል ነበር። በዕድሜም በሙያም አንጋፋ የሆኑት፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው መካኒክ ሐሳቤን ሰምተው ሲያበቁ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «አምስተኛውን ተወው ልጄ፤ አንደኛና ሁለተኛው ስንት ስንት ናቸው? እሱን ንገረኝ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ የእያንዳንዱን አማራጭ የማርሽ ምጥጥን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ከዚያ ምሽት በፊት ካምቢዮ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ የተሳሳተውን እንደምገዛ እርግጠኛ ነኝ።

ምጥጥን ማለት የካምቢዮው መውጫ አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት የሚገልጽ ቁጥር ነው። የመኪናዬ የመጀመሪያ ካምቢዮ 3.64፣ 2.21፣ 1.37 እና 1.00 ነው፤ ከካምቢዮው ቀጥሎ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሺያል ደግሞ 3.909። በዚህ ስሌት በአራተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ዙር ሲዞር መኪናዋ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞተሩ 3,500 ዙር ገደማ እየዞረ ይጮኻል ማለት ነው። አምስተኛ ማርሽ የሚያስመኘው ይህ ጩኸት ነው። ነገር ግን ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። በፋብሪካው ወረቀት 95 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው ሞተር እዚህ ሲደርስ 80 እንኳ መስጠቱ ያጠራጥራል። ጉልበት ያነሰው ሞተር የሚፈልገው በመጀመሪያ አጭር፣ ማለትም ምጥጥኑ ትልቅ ቁጥር የሆነ አንደኛ፣ ከዚያም ከአንደኛው ብዙ ያልራቀ ሁለተኛ ነው።

አማራጮቹን በዚህ ዓይን ስመለከታቸው አብዛኞቹ ወደቁ። የራሱን የኤም ጂ ቢ የኋለኛውን፣ በአራቱም ማርሽ ሲንክሮናይዘር ያለውን ካምቢዮ መግጠም ተገቢ ይመስል ነበር፤ ሆኖም አካሉ ከቀድሞው ስለሚሰፋ ፋብሪካው ራሱ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለውን የላሜራ ጉብታ አስፍቶለታል፤ የእኔን መቁረጥ ግድ ይሆንብኛል፣ ቆርጬም አምስተኛ አላገኝም። አውሮፓ ውስጥ ኤም ጂ ላይ በብዛት የሚገጠመው የፎርድ ሲየራ ባለአምስት ማርሽ ካምቢዮ አንደኛው 3.65፣ ሁለተኛው 1.97 ነው። አንደኛው መልካም ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ግን ሰፊ ስለሆነ ዳገት ላይ ወደ ሁለተኛ በተሸጋገሩ ቁጥር ሞተሩ ገደል የገባ ያህል ይወድቃል። የማዝዳ ኤምኤክስ-5 ካምቢዮ ለእጅ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው ይባላል፤ አንደኛው ግን 3.136 በመሆኑ በእኔ ዲፈረንሺያል ሰው ጭኖ ዳገት ላይ መነሣት በየቀኑ ፍሪሲዮን ማቃጠል ይሆናል። ካምቢዮውን ወድጄ ዲፈረንሺያሉን ለመቀየርም አስቤ ነበር፤ ጋሼ ሳቁብኝና ተውኩት።

የተረፈው የቶዮታ ቲ50 ነበር። 3.587፣ 2.022፣ 1.384፣ 1.00 እና 0.861። ይህ ካምቢዮ ኤኢ86 የተባለችውን ኮሮላ የመሳሰሉ መኪኖችን ተሸክሟል፤ የእሷ 1.6 ሊትር ሞተር የሚሰጠው የመጠምዘዝ ጉልበት ከእኔ ሞተር ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ይሰበራል የሚል ስጋት አልነበረብኝም። ክፍተቱ ከመጀመሪያው ካምቢዮዬ ጥቂት ቢሰፋም ከፎርዱ ይጠባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የቶዮታ ኩሽኔታና ሲንክሮናይዘር ፈልጎ የሚያጣ መካኒክ በአገራችን የለም። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከአሮጌ ካሪና የወረደ አንድ ገዛሁ። ከመግዛቴ በፊት መግቢያ ዘንጉን በእጄ እያዞርኩ አምስቱንም ማርሽ አስገብቼ ሞከርኩ፤ ዘንጉንም ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅኩት፤ ሻጩ በትዕግሥት ጠበቀኝ፣ ምስጋና ይድረሰው።

በኤም ጂ ቢ ላይ ካምቢዮ ብቻውን ከሥር አይወርድም፤ ሞተሩና ካምቢዮው ተያይዘው በፊት በኩል ይነሣሉ። ይህን ሥራ በአንድ ቅዳሜ ጨረስነው። ከዚያ በኋላ የቶዮታውን የፍሪሲዮን ቤት ከእንግሊዙ ሞተር ጋር የሚያገናኝ ወፍራም የአልሙኒየም ሳህን በቶርኖ ቤት አሠራሁ፤ ከባዱ ስሕተት የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። የብሎኖቹን ቀዳዳዎች በካርቶን ላይ ነድፌ ሰጠሁ፤ ሳህኑ ተቀደደ፣ ብሎኖቹ ሁሉ ገቡ፣ እኔም ብሎን ከገባ ሥራው ትክክል ነው ብዬ ደመደምኩ። ለ400 ኪሎ ሜትር ያህል ተነዳች። መጀመሪያ ከቆመችበት ስትነሣ መንቀጥቀጥ መጣ፤ ቀጥሎ ፍሪሲዮን ስረግጥ ቀጭን ፉጨት፤ በመጨረሻም ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ አራተኛ ማርሽ ነዳጅ በለቀቅሁ ቁጥር በራሱ ወደ ዜሮ መውጣት ጀመረ።

እንደገና አወረድነው። በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውና የካምቢዮውን መግቢያ ዘንግ አፍንጫ የሚደግፈው የነሐስ ቀለበት በአንድ ወገኑ ተበልቶ እንቁላል መስሏል። ጋሼ መቶኛ ሚሊሜትር የሚያነብ ባለመርፌ መለኪያ ተውሰው አመጡ፤ እግሩን ከሞተሩ ዘንግ ጋር በሚዞረው ከባድ የብረት ሰሃን፣ በቮላኖው ላይ አስረን፣ ጫፉን ካምቢዮው በሚቀመጥበት የፍሪሲዮን ቤት ክብ ቀዳዳ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ አሳርፈን፣ ሞተሩን በእጅ ቀስ ብለን አንድ ሙሉ ዙር አዞርነው። መርፌው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው 1.2 ሚሊሜትር ተጓዘ። ንባቡ ሁልጊዜ የስሕተቱ እጥፍ ስለሆነ ካምቢዮው ከሞተሩ መሃል 0.6 ሚሊሜትር ርቆ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ለዓይን ምንም ነው፤ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ለሚዞር ዘንግ ግን መታጠፊያ ነው። ብሎን የሚያጠብቅ እንጂ መሃል የሚያስይዝ ዕቃ አለመሆኑን የተማርኩት ያን ቀን ነው። የብሎኖቹን ቀዳዳዎች ጥቂት አስፍተን፣ ሳህኑን በፕላስቲክ መዶሻ እያንኳኳን መርፌው ከ0.14 በላይ እስከማይጓዝበት ድረስ አስተካከልን፤ ብሎኖቹን አጥብቀን፣ ሁለት የብረት ፒኖች በጠባብ ቀዳዳ አስገብተን ቦታውን ቆለፍነው። አዲስ የነሐስ ቀለበትም በቶርኖ ተሠራ።

ሌላው ሥራ በአንጻሩ ቀላል ነበር። የፍሪሲዮኑ ሸራ ሰሃን የቶዮታ፣ ተጫኙ የኤም ጂ ሆነው ተስማሙ፤ ወደ ዲፈረንሺያሉ የሚሄደው ረጅም ዘንግ አዲስ አበባ ተቆርጦ፣ ተበይዶና ሚዛኑ ተስተካክሎ መጣ። በዘይቱ ጉዳይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አንድ ጋራዥ ውስጥ ለዲፈረንሺያል የሚሆነውን ጂኤል-5 ዘይት «ያው የማርሽ ዘይት ነው» ብለው ሊሞሉልኝ ነበር። በዚያ ዘይት ውስጥ ያለው ብዙ የድኝና የፎስፈረስ ቅመም የሲንክሮናይዘሩን ናስ ሊበላው ይችላል። ለቲ50 ይህ ቅመም የሚያንስበትን፣ ጂኤል-4 የሆነ 75ደብሊው-90 ዘይት ገዝቼ በራሴ እጅ ሞላሁ። የመጀመሪያው ካምቢዮ ደግሞ የሚጠጣው 20ደብሊው-50 የሞተር ዘይት ነበር፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

የመጀመሪያውን ፈተና ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው የጅሬን ዳገት ላይ፣ ሁለተኛውን እዚያው በተሰበርኩበት በግቤ አደረግሁ። ሁለተኛው ማርሽ ከቀድሞው ረዘም ማለቱ ይታወቃል፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከጭነት መኪና ኋላ ስሳብ ሞተሩ 1,400 ዙር ላይ ይወርድና ያጉረመርማል፤ በቀድሞው ከ1,500 በላይ ይሆን ነበር። አሁን ግን ሳልቆም አንደኛን አስገባለሁ፣ ሞተሩም 2,500 ላይ ተረጋግቶ ይወጣል። አምስተኛዋን የምጠቀምባት ከአሰንዳቦ ወደ ሰርቦ ባለው ሜዳ ላይ ብቻ ነው፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 2,400 ዙር አካባቢ ትዞራለች፣ ትንሽ ዳገት ሲመጣ ወደ አራተኛ እመልሳለሁ።

አሮጌውን ካምቢዮ አልሸጥኩትም፤ ጥርሱ ከተገኘ ይታደሳል ብዬ በዘይት ቀብቼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አኑሬዋለሁ። ያልተፈታው የፍጥነት መቁጠሪያው ነው፤ የሚያዞረው የቶዮታው ጥርስ ስለሆነ የሚያነበው ቁጥር ከእውነተኛው ፍጥነት ጋር አይገጥምም። ለጊዜው በየማርሹ የሞተሩን ዙርና ትክክለኛውን ፍጥነት አስልቼ በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከመሪው ጎን ለጥፌዋለሁ።