እማማና ዳንባር

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሆም ኬር (የቤት ለቤት እንክብካቤ) ስሠራ የተንከባከብኳቸው አዛውንት በ1951 ከዳንባር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመረቁ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። «እማማ» ነበር የምላቸው፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲያ በሌላ ስም ብጠራቸው አይሰሙኝም።

ልጃቸው የተማሪነት ትዝታቸውን እንድቀዳላት ስትጠይቀኝ ቀላል መሰለኝ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ «ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ በሚማርበት ዘመን መማር ከባድ ነበር?» አልኳቸው። «ነበር» አሉ። ቀጥለው ሻይ ጠየቁኝ። የመጀመሪያው ቅጂ አርባ ሰከንድ አይሞላም።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መከራ ብቻ ልሰማ ነበር የተቀመጥኩት። በሳምንቱ የምረቃ መጽሔታቸውን ከመደርደሪያ አውርጄ፣ «ይቺ ማን ናት?» እያልኩ ገጹን መግለጥ ጀመርኩ። ያኔ ወሬው መጣ። ስለ ጫማቸው፣ ጠዋት እየሮጡ ስለሚሄዱበት መንገድ፣ ከሁሉም በላይ ስለ ላቲን መምህርታቸው። ካልሲ ሳጠልቅላቸው «አሞ፣ አማስ፣ አማት» እያሉ ግሡን ያወርዱታል፤ አያቴ ውዳሴ ማርያም ስትደግም ትዝ አለችኝ።

እኔም ማንበብ ጀመርኩ። ለዓመታት ሻው ሰፈር ክትፎ ስበላ ኖሬ እዚያው አጠገብ ስላለ ትምህርት ቤት አንድም ነገር አለማወቄ አሳፈረኝ። በ1870 በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የተጀመረ፣ በአሜሪካ ለጥቁሮች የመጀመሪያው የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በባለቅኔው ፖል ሎረንስ ዳንባር የተሰየመው በ1916 ነው። እማማ «ከመምህሮቻችን መካከል ዶክተሮች ነበሩ» ሲሉኝ ያጋነኑ መስሎኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። የነጮች ዩኒቨርሲቲ በሩን የዘጋባቸው ምሁራን ወደዚያ ይመጡ ነበር፤ በ1921 ዶክትሬት ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥቁር ሴቶች አንዷ ኢቫ ዳይክስ፣ የታሪክ ምሁሩ ካርተር ውድሰንም እዚያ አስተምረዋል።

ጠበቃው ቻርለስ ሂውስተንም የዚሁ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው፤ በእሱ ጊዜ ኤም ስትሪት ይባል ነበር። የመለያየቱ ሕግ ሜይ 17 ቀን 1954 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲወድቅ መንገዱን ከጠረጉት ዋነኛው እሱ ነበር፤ ቀኑን ግን አላየም፣ በ1950 ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ዳንባር ከመላው ከተማ ተማሪ መቀበሉ ቀርቶ የሰፈር ትምህርት ቤት ሆነ።

«ያን ቀን ደስ አላችሁ?» ብዬ እማማን ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። ዝምታው ስለከበደኝ እኔው «መቼም ደስ ይላል» ብዬ ሞላሁት። ማታ ቅጂውን ሳዳምጥ አፋቸውን የከፈቱበት ቦታ ላይ የእኔ ድምፅ አለ። በማግስቱ ደግሜ ጠየቅኩና ምላሴን ነክሼ ጠበቅሁ። «ሕጉ መፍረሱ ልክ ነበር» አሉ። ቆይተው፣ «ትምህርት ቤቴን ግን አብረው አፈረሱት።»

የድሮው ሕንፃ የፈረሰው በ1977 ነው። እሳቸው ግን ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድሎ ከተማው በተቃጠለበት በ1968 ነው ይላሉ። ፊት ለፊት ላርማቸው ሞክሬ ያን ቀን ሌላ ቃል አላወጡም። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን እንዳለ ትቼ ትክክለኛውን ዓመት ኅዳጉ ላይ ብቻ ጻፍኩ።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ ስልኩ ከፍሪጅ ይርቃል (ድምፁ ቅጂውን ያበላሻል)፣ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም፣ እሱም ጠዋት፤ ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል። የማደርገውም ከሥራ ሰዓቴ ውጭ ነበር።

ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ገልብጬ ለልጃቸው ከመስጠቴ በፊት እንዲያዩት አስቀመጥኩላቸው። ማጉያ መነጽርና ቀይ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ሲመልሱልኝ ከመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፦ «14 ስህተት።»